ከዳንቴ ሐውልት ሥር

በ2008 ዓ.ም. ክረምት እኅቴን ለመጠየቅ ወደ አሜሪካ ሄጄ፣ ከዋሽንግተን በስተሰሜን በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ወር ያህል ተቀምጬ ነበር። ከደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምሽት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣ እንዳልኩ፣ በከተማይቱ መካከል ባለ አደባባይ ላይ ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ቆመው አየሁ። ወጣቶች ይበዛሉ፤ ሆኖም ልጅ ያቀፈች እናትም፣ ከሥራ መልስ ከረባቱን ያላላ ጎልማሳም ከመካከላቸው ነበሩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይነጋገሩም። በአገሬ ልማድ አንገቱን ደፍቶ በዝምታ የቆመ ሕዝብ ሳይ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነውና ኮፍያዬን አውልቄ ጠጋ አልኩ። ለካስ የሞተ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያዩት የእጅ ስልካቸውን ኖሯል።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ልጅ «እዚያ ነው!» ብሎ ሲጮህ ያ ሁሉ ሰው መንገዱን አቋርጦ ወደ ማዶው ማዕዘን ተጣደፈ። ወደሮጡበት ብመለከት ከአንድ የቆሻሻ መጣያና ከአንድ የመብራት ምሰሶ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። እቤት ተመልሼ ያየሁትን ባወራ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቱ የእኅቴ ልጅ እንባው እስኪፈስ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ፖኬሞን እየያዙ እኮ ነው! አንተ አታየውም፤ በስልክ ነው የሚታየው» አለኝ። ልጁ «አንተ» ይለኝ የነበረው ከድፍረት አልነበረም፤ ተወልዶ ባደገበት አገር «እርስዎ» የሚባል ቃል መኖሩን በቅጡ ያስተማረው ስላልነበረ ነው።

ጨዋታው «ፖኬሞን ጎ» ይባላል። ፖኬሞን የሚባሉት ልብ ወለድ ፍጡራን በ1996 ጃፓን ውስጥ በኒንተንዶ የእጅ መጫወቻ ላይ የተወለዱ ናቸው። (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።) አዲሱን ጨዋታ የሠራው ግን በ2010 ጎግል ውስጥ ተመሥርቶ በ2015 ራሱን ችሎ የወጣ፣ ናያንቲክ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነው። ጨዋታው ጁላይ 6 ቀን 2016 በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተለቀቀ።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ተጫዋቹ በምድር ላይ የት እንደቆመ ያውቃል፤ የሰፈሩንም ካርታ በመስተዋቱ ላይ ያወጣል። ሰውየው አንድ እርምጃ ሲራመድ በካርታው ላይ ያለው ምስሉም አብሮት ይራመዳል። በመንገዱ ላይ ድንገት አንድ ፍጡር ብቅ ይላል፤ የስልኩ ካሜራ ሲከፈት ፍጡሩ እውነተኛው የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ መስሎ ይታያል፤ ተጫዋቹ በጣቱ ኳስ ወርውሮ ይይዘዋል። ሐውልቶች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ የግድግዳ ሥዕሎችና የመሳሰሉት የታወቁ ቦታዎች «ፖኬስቶፕ» የሚባሉ ጣቢያዎች ይሆናሉ፤ ኳስ የሚገኘው ከእነርሱ ነው። አንዳንዶቹም የፍልሚያ አዳራሾች ናቸው። እንግዲህ ይህን ጨዋታ ተቀምጦ መጫወት አይቻልም፤ መሄድ ግድ ነው።

በእኛ አገር ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል። በዚያ ክረምት ግን ወሬው በገበያም ተጭኖ ነበር። የኒንተንዶ የአክሲዮን ዋጋ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ከዚያም ኩባንያው ራሱ ከጨዋታው የሚያገኘው ጥቅም ውሱን መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ ጁላይ 25፣ በአንድ ቀን 18 በመቶ ገደማ ወረደ። ባለአክሲዮኖቹ በስም የሚያውቁትን ገዝተው፣ የገዙት ምን እንደሆነ በኋላ ነበር ያነበቡት። ጋዜጦች ስለ ሌላው ተስፋ ይጽፉ ነበር፦ ይህ ጨዋታ በክፍሉ ተዘግቶ የሚውለውን ትውልድ ወደ አደባባይ ያወጣል፤ የማይተዋወቁትን ያስተዋውቃል፤ ሰው የሚኖርበትን ከተማ ሐውልትና ታሪክ እንዲያውቅ ያደርጋል ይሉ ነበር።

እኔም የዚህ ተስፋ ተካፋይ ሆንኩ፤ ምክንያትም ነበረኝ። እኅቴ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ባዶ ቤት ነው፤ እኔ ስደርስም ሰላምታ ሰጥቶኝ ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ቃሉ ያጥረዋል፤ ሲያጥረው ያፍራል፤ ሲያፍር ዝም ይላል። ሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ከገዛ እኅቴ ልጅ ጋር የማወራው አጥቼ ስለ አየሩ ሙቀት እናገር ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት «ጋሼ፣ ወደ ከተማ እንሂድ፤ ዲሲ ውስጥ ብዙ አለ» ሲለኝ ጫማዬን ለማሰር እጄ ተንቀጠቀጠ ብል ማጋነን አይሆንም። ያ በር ተከፍቶ ነበር።

* * *

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በ16ኛው ጎዳና ቁልቁል በሚወርደው አውቶቡስ እየተሳፈርን በየእሑዱ ሜሪዲያን ሂል ወደሚባለው መናፈሻ መሄድ ጀመርን። የከተማው ጥቁር ሕዝብ ይህን ቦታ ማልኮም ኤክስ ፓርክ ብሎ መጥራት ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መናፈሻው ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ ከላይኛው ወደ ታችኛው ውኃ በ13 ገንዳዎች እየተንደረደረ ይወርዳል። ከላይ በፈረስ ላይ የተቀመጠች፣ የፈረንሳይ ሴቶች በ1922 ያበረከቷት የዣን ዳርክ ሐውልት አለች። ዝቅ ብሎ ደግሞ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢጣሊያውያን በ1921 የሰጡት የዳንቴ ሐውልት ረጅም ካባውን ለብሶ፣ መጽሐፉን ይዞ ቆሟል።

ከዳንቴ እግር ሥር በደረስን ጊዜ ልጁ ቆመ። እኔም ደስ አለኝ። ዳንቴን ለተማሪዎቼ ሳስተምር የኖርኩ ነኝና፣ እነሆ የዚህ ልጅና የእኔ መገናኛ አልኩ በልቤ።

«ይህ ማን ነው?» አልኩት ወደ ላይ እያመለከትኩ።

«ፖኬስቶፕ ነው።»

«ሰውየውን ነው የምልህ።»

ስልኩን አየ። በመስተዋቱ ላይ የዚያው የሐውልቱ ፎቶግራፍ በክብ ውስጥ ይታያል። በጣቱ አሽከረከረው፤ ሦስት ኳሶች ወደቁለት። «ዳንቴ ይላል» አለኝ። ሐውልቱ ከራሱ በላይ ቆሞ ሳለ ልጁ ያየው ፎቶግራፉን ነበር። እኔም ማስረዳት ጀመርኩ፦ ፍሎረንስ ስለምትባል ከተማ፣ ባለቅኔው ከከተማው ስለመባረሩ፣ ተመልሶም ሳይገባ በስደት ስለመሞቱ። ከሁለት ደቂቃ በላይ አልተናገርኩም። «ጋሼ፣ አንዴ!» ብሎኝ ወደ ውኃው ሮጠ።

በላይኛው ሜዳ ላይ ከበሮ ይሰማል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚያ መናፈሻ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከበሮ መቺዎች ይሰበሰባሉ፤ የፈለገ ይመታል፣ የፈለገ ይጨፍራል። ልጁ ስልኩን ወደ ፊት ዘርግቶ በመካከላቸው ገባ። ከአንድ ሽማግሌ መቺ እግር አጠገብ ጎንበስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ሽማግሌው እጁን ከከበሮው ላይ አንሥቶ፣ «ልጄ፣ ምን ጠፋህ?» ሲል ጠየቀው። ልጁ ቀና ሳይል «ምንም» አለ። ያዘውና ወጣ። በኋላ ካርታውን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው ሐውልቶቹ ሁሉ በየቦታቸው ምልክት አላቸው፤ ከበሮ መቺዎቹ ያሉበት ሜዳ ግን አረንጓዴ ባዶ ነው። ጨዋታው የቆመውን ድንጋይ ያውቃል፤ በድንጋዩ ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ አያውቅም።

በሦስተኛው እሑድ ባትሪው አለቀ። ልጁ የሚወደውን እንደተቀማ ሰው ተክዞ ስልኩን ከኪሱ ከተተ። ወደ ታች ወርደን፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት ወደከፈቱበት ወደ 9ኛው ጎዳና ሄድንና ሽሮ አዘዝን። እጁን ሲታጠብ፣ «ሰውየው ለምን ተባረረ?» አለኝ።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ዳንቴ።»

ያን ቀን ከምሳው ይልቅ ወሬው ጠገበኝ። በከተማው ውስጥ ወገኖች ተከፋፍለው እንደነበር፣ የእርሱ ወገን ሲሸነፍ እንዳይመለስ እንደተፈረደበት ነገርኩት። «ታዲያ የተባረረ ሰው ሐውልት ለምን ዋሽንግተን ይቆማል?» አለ። ከአገራቸው ወጥተው እዚህ የሠፈሩ ኢጣሊያውያን ናቸው ያቆሙት ብዬ ስመልስለት ዝም አለ። ቆየት ብሎ፣ «እንደ እማዬ» አለ። ከዚያ ስለ እናቱ ጠየቀኝ፤ ለምን እንደወጣች፣ አባታችን ምን ይሠራ እንደነበር፣ ቤታችን ስንት ክፍል እንደነበረው። አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በእንግሊዝኛ ጠየቀ፤ ቃል ሲያጥረው አላፈረም። የዚያ ክረምት ምርጧ ሰዓት ያቺ ናት፤ የሰጠን ደግሞ የባትሪው ማለቅ ነው።

እኔ ግን የዚያችን ሰዓት ዋጋ አላወቅሁም። ልጁን ያስተከዘው ነገር ሊያስተክዘው አይገባም ብዬ በማግስቱ ከሱቅ ትርፍ ባትሪ ገዛሁለት። ደስ ብሎት አንገቴን አቀፈኝ። ከዚያ ወዲያ ባትሪው አላለቀም፤ ስለ ዳንቴም የጠየቀኝ የለም።

* * *

ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ በአንድ እሑድ፣ ጫማዬን አስሬ ስጠብቀው ከክፍሉ አልወጣም። «ዛሬ አንሄድም እንዴ?» ብለው፣ «ጋሼ፣ ያው ነው እኮ» አለኝ። «እዚህም ፒጂ፣ እዚያም ፒጂ። ዲሲም ሲልቨር ስፕሪንግም አንድ ነው።» በሩ ተዘጋ።

ፒጂ ርግብ መሰል ፍጡር ናት፤ ጨዋታው በተለቀቀ ሰሞን በየመንገዱ የምትበዛው እርሷ ነበረች። ልጁ ሳያውቀው የተናገረው ቃል ግን ከብዙ ጋዜጣ የበለጠ ነገሩን ገልጦታል። በቦታ ላይ የተመሠረተ የተባለ ጨዋታ፣ ሲኖሩበት ቦታን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚያሳይ ሆኖ ተገኘ። የቆምክበት ሥፍራ የባለቅኔ ሐውልት ይሁን የነዳጅ ማደያ፣ ለፍጡሩ ለውጥ የለውም፤ ከኮምፒዩተሩ ዘንድ ቦታ ማለት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱ ኬክሮስ፣ አንዱ ኬንትሮስ። ከዚህ የተነሣ በዚያው ጁላይ ዋሽንግተን የሚገኘው የአይሁድ እልቂት መታሰቢያ ሙዚየምና የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ጎብኚዎች በግቢያቸው ውስጥ እንዳይጫወቱ ለመለመን ተገደዱ። ሰዎቹ ክፉዎች ስለሆኑ አልነበረም። የያዙት ካርታ መቃብርን ከመናፈሻ ለይቶ አላሳያቸውም።

ተስፋውና ሥራው ያልተገናኙት በዚህ ብቻ አይደለም። በሴፕቴምበር 2015 የወጣው የማስታወቂያ ፊልም በኒውዮርክ ታይምስ አደባባይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ አንድ ታላቅ ፍጡርን በኅብረት ሲዋጋ፣ ድል አድርጎም ሲተቃቀፍ ያሳይ ነበር። ጨዋታው በተለቀቀ ጊዜ በኅብረት የሚዋጉት ፍጡር አልነበረበትም፤ የኅብረቱ ፍልሚያ የመጣው በጁን 2017 ነው። ፍጡራንን ከጓደኛ ጋር መለዋወጥ እስከ ጁን 2018፣ ጓደኛን በቀጥታ መግጠም እስከ ዲሴምበር 2018 ድረስ አልተቻለም። ፍጡሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በእግር ኮቴ ምልክት ያመለክት የነበረው መሣሪያም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተበላሽቶ፣ በጁላይ ማብቂያ ጭራሹን ከጨዋታው ተነሣ። ከሰው ጋር የሚያገናኙት ነገሮች ሁሉ ለበኋላ ቀርተው፣ ሰውን ለብቻው የሚያስሮጠው ነገር ቀድሞ ወጣ ማለት ነው። በዚያ ምሽት አደባባዩ ላይ ያየሁት፣ አንድ ላይ ቆሞ የማይነጋገር ሕዝብ፣ ምሥጢሩ ይህ ነበር።

በዲሴምበር 2016 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ የሚኖሩ ወጣት ጎልማሶችን እርምጃ ቆጥሮ ነበር። ጨዋታውን በጀመሩ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን በአማካይ 955 እርምጃ ጨመሩ። በስድስተኛው ሳምንት ጭማሪው ጠፍቶ ወደ ቀድሞው ልማዳቸው ተመልሰው ተገኙ። ይህን ሳነብ የእኛን እሑዶች በጣቴ ቆጠርኩ። ስድስት ነበሩ።

* * *

ለመሆኑ የዚህ ዓይነት ጨዋታ በባሕርይው ከንቱ ነው ማለት ነውን? እንዲህ ብዬ ብደመድም ይቀለኝ ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች በሚለቀው የሳተላይት ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምር የነበረውን ስሕተት ያነሣው በሜይ 2000 መጀመሪያ ነው። በሜይ 3 ኦሬገን ውስጥ አንድ ሰው በጫካ መካከል ባልዲ ቀብሮ፣ ጥቂት ዕቃዎችና አንድ የመመዝገቢያ ደብተር አስቀምጦበት፣ የቦታውን ቁጥር ለማንም እንዲደርስ አሳወቀ። ያገኘ ሰው አንድ ነገር ወስዶ አንድ ነገር ይተካል፤ ስሙንም ይጽፋል። ዛሬ ጂኦካሺንግ በሚባል ስም በብዙ አገር የሚጫወቱት የዚህ ልጅ ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ያው ቁጥር፣ ሳተላይቱም ያው ሳተላይት ነው። ልዩነቱ ባልዲውን የቀበረው ሰው ቦታውን በእግሩ ሄዶ መምረጡ ነው። «ና፣ ይህን እይልኝ» የሚል ሰው አለበት። እኛ በልጅነታችን ኩኩሉ ስንጫወት ከጎተራው ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር የምንፈልገው እኮ የሚተነፍስ ጓደኛችንን ነበር፤ የሰፈራችንን ስርቻ ሁሉ በዚያ አወቅነው።

በፖኬሞን ጎ ውስጥም ቢሆን መነሻው ሰው ነው። ጣቢያዎቹ የተወሰዱት የኩባንያው የቀድሞ ጨዋታ የሆነው የኢንግረስ ተጫዋቾች በፎቶግራፍ እያነሡ ከላኳቸው ቦታዎች ነው። ያ ጨዋታ ብዙ ተጫዋች ያልነበረው ሰፈር በአዲሱ ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ በ2016 በርካታ ጋዜጠኞችና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከተሞች ጥቁሮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ጣቢያቸው እጅግ ጥቂት መሆኑን አሳይተዋል። ገጠሩም እንደዚሁ። ለእነዚህ ሰፈሮች ካርታው የሚለው «እዚህ የሚታይ የለም» ነው። የሚታይ የጠፋው ግን ሰፈሩ ባዶ ስለሆነ አልነበረም፤ የላኩት ሰዎች በዚያ ስላላለፉ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ የኩባንያው ስም ነው። ናያንቲክ የዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ስም ነበር። በ1849 በካሊፎርኒያ የወርቅ ሩጫ ጊዜ ሳን ፍራንሲስኮ ደረሰች፤ መርከበኞቿም ወርቅ ፍለጋ ጥለዋት ሄዱ። ወደ ዳርቻው ተጎትታ መጋዘን ሆነች፤ በ1851 ተቃጠለች፤ ከተማይቱም በላይዋ ላይ ተሠራች። የከተማይቱ ሰው ከእግሩ ሥር መርከብ መኖሯን ሳያውቅ ለብዙ ዓመታት ተመላለሰ። የኩባንያው መሥራች ጆን ሃንክ ስሙን የመረጠው፣ ሰው በየቀኑ የሚረግጠውን የተሸሸገ ታሪክ እንዲያይ ማድረግ ሐሳቡ ስለነበረ ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ ሐሳቡ ሸቀጥ ሆኖ ሲወጣ ግን ሚሊዮኖች በታሪክ ላይ እየረገጡ፣ ከታሪኩ ፊት ቆመው፣ ፎቶግራፉን በጣታቸው አሽከርክረው አለፉ። መርከቧ ዳግመኛ ተቀበረች።

የኋላውን ባጭሩ ልጨርስ። ጁላይ 22 ቀን 2017 በቺካጎ ግራንት ፓርክ ሃያ ሺሕ ያህል ተጫዋቾች ትኬት ቆርጠው ለበዓል ተሰበሰቡ። የስልኩ መስመር ተጨናንቆ፣ ጨዋታውም እየተቋረጠ፣ ብዙዎቹ አንድም ነገር ሳይዙ ዋሉ፤ መሥራቹ መድረክ ላይ ሲወጣ ጮኹበት፤ የትኬቱ ገንዘብ ተመለሰ። ኩባንያው በጁን 2019 ያወጣው የሃሪ ፖተር ጨዋታ በጃንዋሪ 2022 ተዘጋ። ሌላው ኩባንያ፣ ማይክሮሶፍት፣ ያወጣው ማይንክራፍት ኧርዝ ከዚያ ቀደም ብሎ በጁን 2021 ቆመ። በኖቬምበር 2024 ናያንቲክ ተጫዋቾች በፈቃዳቸው በካሜራ ቀርፀው ከላኳቸው ቦታዎች በመነሣት፣ ማሽን ዓለምን እንዲያውቅ የሚያስችል ታላቅ የቦታ ሞዴል እየሠራ መሆኑን አስታወቀ። በ2025 ደግሞ ፖኬሞን ጎን ጨምሮ ጨዋታዎቹን በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ስኮፕሊ ለተባለ፣ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመዋዕለ ንዋይ ፈንድ ንብረት ለሆነ ኩባንያ ሸጠ። ሐውልቱን ዞሮ የቀረፀው ተጫዋች ጨዋታ እየተጫወተ መስሎት ሥራም ይሠራ ነበር ማለት ነው። የሠራውም ሥራ ማሽኑን ስለ ቦታው አስተማረው፤ እርሱን ግን አላስተማረውም።

በሌላ በኩል የጨዋታውን በጎ ነገር መካድ አይገባኝም። እስከ ዛሬም የሚጫወቱት ብዙዎች ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በእርሱ ሰበብ ከቤት ሲወጡ፣ ጓደኛም ሲያፈሩ አይቻለሁ። እኔንም በሩን ከፍቶልኛል። ከተከፈተ በኋላ ግን መግባት የእኔ ፋንታ ነበር። ዳንቴ በዚያ ታላቅ ድርሰቱ የማይታየውን ዓለም ሲዞር ብቻውን አልሄደም፤ ቨርጂል የሚባል መሪ ከጎኑ ነበር፤ በየደረሱበት ይህ ማን ነው ሲል ይነግረዋል፣ ሲፈራ ያደፋፍረዋል። እኔ ከልጁ ጎን እየሄድኩ የመሪነቱን ሥራ ለስልክ ሰጠሁ። ባትሪው ሲያልቅ እንኳ ሥራዬ መሆኑ አልገባኝም፤ ባትሪ ገዛሁ። ስለዚህ በዚያ ክረምት ላጋጠመኝ ቅሬታ ከራሴ በቀር የምከሰው የለኝም።

* * *

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ስድስት ኪሎ በነበርኩበት የተማሪነት ዘመን በየቀኑ ከሰማዕታት ሐውልት ሥር አልፍ ነበር። ያን ጊዜ በእጄ ስልክ አልነበረም፤ ነገር ግን ቀና ብዬ አላየሁትም። ለእኔ ሐውልቱ አውቶቡስ የምጠብቅበት ጥላ ነበር። አንድ ቀን የታሪክ መምህራችን ክፍሉን አስወጥተው እዚያ አቆሙንና በዙሪያው የተቀረፁትን ምስሎች አንድ በአንድ አሳዩን፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ሕዝቡን ሲፈጁ፣ ቤት ሲቃጠል፣ የሞቱት ሲሰበሰቡ። ከእኛ አንዱ፣ «እኛ እኮ በየቀኑ በዚህ እናልፋለን» አለ። መምህሩ አልተቆጡም። «ሐውልት ራሱ አይናገርም፤ ካልተናገሩለት» ብለው መንገዱን ቀጠሉ። እነሆ ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ የምጠብቅበት ቦታ ያው ነበር፤ ጥላው ግን ያው አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ የእኅቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሩን ለማየት መጣ። ጢም አብቅሏል፤ ዩኒቨርሲቲ ሊጨርስ ነው። አማርኛውን በራሱ ጥረት አሻሽሎታል፤ አሁን «እርስዎ» ይለኛል፤ አንዳንዴ ግን ረስቶት «አንተ» ሲለኝ ደስ ይለኛል። ስድስት ኪሎ ወሰድኩት። ስልኩን አውጥቶ ምስሎቹን ፎቶግራፍ አነሣ፤ እኔም ምንም አልተናገርኩም፤ የመጣብኝ ግን ያ እሑድ ነበር። ፎቶውን አንሥቶ ሲያበቃ ስልኩን እንደያዘ ቀና አለና፣ «ይቺ ሴት ማን ናት? ልጇን ነው የያዘችው?» ሲል ጠየቀኝ።

የማውቀውን ነገርኩት። ቀራፂዎቹ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ ዩጎዝላቪያውያን እንደሆኑ ነገርኩት፤ እነርሱም ፋሺዝምን የሚያውቁ ሕዝብ እንደነበሩ ነገርኩት። ስለ አንዷ ምስል ሲጠይቀኝ ግን መልስ አጣሁ። በአጠገባችን ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት ሲሰሙን ኖሮ፣ «ልጆቼ፣ ወዲህ ኑ» አሉና እርሳቸው ከአባታቸው የሰሙትን ያወሩልን ጀመር። ሦስታችንም አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። የሐውልቱ ጥላ ከእግራችን ሥር ዞሮ ሄደ።

ይህን የጻፍኩት ስልክን ለመኰነን አይደለም። እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች ገና ይመጣሉ፤ አንድ ቀን የእኛንም አደባባይ፣ የእኛንም ሐውልት ጣቢያ ያደርጉታል፤ ልጆቻችንም ከአቡነ ጴጥሮስ እግር ሥር ቆመው በጣታቸው ፎቶግራፍ ያሽከረክራሉ። ያን ቀን «ይህ ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው፣ ጠይቆም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ከጎናቸው መኖር አለበት። መምህሩ፣ የኪነ ጥበብ ሰውና የባሕል ሠራተኛው ይህን ሥራ ለካርታ ሠሪ ሊተዉት አይችሉም። እኔ አንድ ክረምት ትቼው የሆነውን አይቻለሁ።